ለትሎቹ የተነፈገው ሳፋ

በባራስ መንደር ስለ ሽታ ማውራት ነውር ነው። እንግዳ መጥቶ አፍንጫውን ሲይዝ ያዩት እንደሆነ ሴቶቹ ይጠቃቀሱና «ይሄ ሩዛችንን የሚያበላን ሽታ ነው፤ ካልተመቸህ መንገዱ ያው» ይሉታል። ጀልባዎቹ ጎህ ሲቀድ ይገባሉ። ሴቶቹ በርጩማቸውን ይዘው አሸዋው ላይ ክብ ይሠራሉ፤ የዓሣው ሆድ ይሰነጠቃል፤ ሥጋው ወደ ጨው ውሃው በርሜል፣ ከዚያም ወደ ቀርከሃው የማድረቂያ ርብራብ ይሄዳል። ሆድ ዕቃው፣ ስንጥቡና ጭንቅላቱ ግን እዚያው፣ ወንዟ ከባሕሩ በምትገናኝበት አፍ ላይ ይደፋል። «ባሕር የሰጠውን ባሕር ይውሰደው» የሚል አባባል አላቸው። አባባሉ የሚሠራው በዝናብ ወራት ብቻ ነው። በበጋ አሸዋው የወንዟን አፍ ስለሚደፍነው የተደፋው ሁሉ እዚያው ይበሰብሳል፤ ሕፃናቱ ይታመማሉ፤ ዝንቡ ከርብራቡ ላይ አይነሳም። ይህን የማያውቅ ሰው በመንደሩ አልነበረም። ማወቅና መተው ግን ለየቅል ናቸው።

የርብራቦቹና የበርሜሎቹ ባለቤት ኒካኖራ ትባላለች። የወለደችው አንድ ልጅ ብቻ ቢሆንም መንደሩ በሙሉ እንደ እናቱ «ናናይ ኖራ» እያለ ይጠራታል። ዓሣ በመዘርገፍ የሚተካከላት የለም፤ ምላሷ ደግሞ ከቢላዋዋ ይብሳል። ባሏን ባሕር ከወሰደባት ወዲህ በዚህ ዓለም የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇን ዴልፊንን ማጣት።

በዚያ ዓመት ከከተማ የሚመጣው ነጋዴ ደረቁን ዓሣ ሲገለብጥ እጭ ሲርመሰመስበት አየና አንድም ሳይጭን ተመለሰ። የመንደሩ ሊቀመንበርም ወንዝ አፍ ላይ የሚደፋ ሰው እንደሚቀጣ አስነገረ። ኖራ መላ አላጣችም። ከርብራቦቿ ጀርባ ድሮ በረዶ የሚሠራበት፣ አሁን ጣሪያው የወላለቀ ቤት አለ። ከወለሉ ሥር ውሃ ይጠራቀምበት የነበረ ጥልቅ የሲሚንቶ ታንከር ተቀብሯል። አፉ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ሲሆን ክዳኑ ከባድ ብረት ነው።

«ይኸውላችሁ! ደፍቶ መክደን ነው። ዝንብ አያየው፣ ሊቀመንበር አያየው» አለች። ሴቶቹ አጨበጨቡላት።

ያላጨበጨቡት፣ ሰው ሁሉ እንደ አባቱ «ታታይ» የሚላቸው ታታይ ሮኬ ብቻ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በባሕር ጨርሰው አሁን ከዘንባባው ጥላ ሥር መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። «ኖራ፣ ይሄን ነገር ከድነሽ አታኑሪው» አሏት። «በወጣትነቴ ትልቅ መርከብ ላይ ስሠራ፣ የበሰበሰ ዓሣ የተዘጋበት መጋዘን ተከፈተና አንድ ልጅ ወረደ። አልተመለሰም። ሁለተኛው ላውጣው ብሎ ወረደ፣ እሱም እዚያው ቀረ። አየሩ ነው የሚገድለው።»

«ታታይ ደግሞ! ሽታ ሰው ቢገድል ኖሮ ባራስ ውስጥ እርስዎን የሚቀብር ይተርፍ ነበር?»

ሳቁ ጀልባዎቹ ድረስ ተሰማ። ሽማግሌው መርፌያቸውን አንስተው ወደ መረባቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ሽታ ሰው አይገድልም» የሠፈሩ ቀልድ ሆነ። ልጆች ሳይቀሩ ይሉት ጀመር።

ዴልፊን ያገባው ከመንደሩ በላይ ካለው ኮረብታ የመጣች አራሴሊ የምትባል ልጅ ነበር። አባቷ ሲሞት የተወላት ቁራሽ መሬት አለቻት፤ አፈሩ የደከመ፣ ማሾ ሲዘሩበት ቢጫ ሆኖ የሚቀር። ከግብርና ጽሕፈት ቤት የመጣች አንዲት ሴት ለኮረብታው ሰዎች ቀይ ትል ማርባት ስታስተምር አራሴሊም ተምራ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ጥቂት ትሎች ይዛ ወደ አማቷ ቤት ተመለሰች። ከማንጎው ዛፍ ሥር በቀርከሃ የታጠረ መደብ ሠራችላቸው።

ዓሣ ትኩሱን ለትል አይሰጥም፤ ሲበሰብስ ይግልና ያቃጥላቸዋል። ስለዚህ አራሴሊ ዴልፊን የሚያመጣላትን ሆድ ዕቃ ከተከተፈ የሙዝ ግንድ፣ ከሩዝ ገለባና ከደረቀ የእርሻ ጎሽ እበት ጋር እያነባበረች ትከምራለች። እጇን ከትታ ሙቀቱ መውጣቱን ስታረጋግጥ ብቻ ለትሎቹ ታቀርባለች። ጨው የነካውን ግን በጭራሽ አታስጠጋም፤ ጨው ለትል እሳት ነው። ወራት ሲያልፉ ያ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ነገር ጠፍቶ ጥቁር፣ ልል፣ ዝናብ የመታው መሬት የሚሸት ማዳበሪያ ሆነ። ባልና ሚስቱ በጆንያ ተሸክመው ወጡና ማሾው በተዘራበት ትልም ላይ በተኑት። ያን ዓመት ማሾው ጉልበት ድረስ አደገ፤ ፍሬ በፍሬም ሆነ።

በባራስ ዓርብ ዓርብ ማሾ የማይቀቀልበት ቤት የለም። አራሴሊ የመጀመሪያውን አዝመራ ቀቅላ ለአማቷ አቀረበች። ኖራ እያጣጣመች ግማሹን ከበላች በኋላ «ይሄን የመሰለ ማሾ ከየት ነው የገዛሽው?» ብላ ጠየቀች። ከየት እንደመጣ ስትሰማ ሳህኑን ገፋችው።

«የትል ትራፊ ነው ያበላሽኝ?»

«ናናይ፣ እርስዎ የሚጥሉት የዓሣ ሆድ ዕቃ እኮ ነው» አለች አራሴሊ በትሕትና።

«እኔ የጣልኩትን መልሼ አልበላም።»

ከዚያ ወዲህ ኖራ አፏን ከፈተች። በሴቶቹ ክብ ላይ ተቀምጣ ዓሣ እየዘረገፈች «ልጅ ውለጂ ብላት ትል ታረባልኛለች! የልጅ ልጅ አቅፋለሁ ስል ቀይ ትል ልታስታቅፈኝ ነው» ትላለች። ሴፓ የምትባለው ጎረቤቷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። አራሴሊ ደግሞ እዚያው፣ በሁለት ክንድ ርቀት ላይ፣ ርብራቡን እያጠበች ትሰማለች። የመውለድ ነገር ለእሷ ምን ያህል ቁስል እንደሆነ ሴቶቹ ሁሉ ያውቃሉ። ቢያውቁም ሳቁ፤ የሚያሠራቸው ሰው ቀልድ ሁልጊዜ ያስቃል።

ኖራን እንዲህ ያስጨከናት ትሉ አልነበረም። ዴልፊን ስለ ኮረብታው ማውራት ጀምሯል። «ዓሣው በያመቱ እያነሰ ነው እማዬ። መሬቷ ግን አፈሯ እየተመለሰ ነው» ይላታል። እሷም «የባሕር ልጅ ነህ አንተ፤ ሚስትህ ናት አፈር ያበላችህ» ትለዋለች። ኋላ አንድ ቀን ባልና ሚስቱ ማንጎው ሥር ሲያወሩ ሰማች። «ፋሲካ ይለፍና እንውጣ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሳይመጣ መዝራት አለብን» ይል ነበር ልጇ።

የሆሳዕና ዕለት መንደሩ ዘንባባውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ኖራ ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች። ብቻዋን ስትሆን ወደ በርሜሎቹ ሄደች። ዓሣ ሲነከርበት የሰነበተ፣ ዝቃጩ ግራጫ የሆነ የጨው ውሃ በባልዲ እየቀዳች ማንጎው ሥር ተመላለሰች። መደቡን የሸፈነውን ጆንያ ገለጠችና ውሃውን ከለበሰችው። ትሎቹ ከገለባው ሥር እየተጣመዘዙ ወጡ፤ የሚሸሹበት ቦታ አልነበረምና እርስ በርስ ተጠላልፈው ይንፈራገጡ ጀመር። ኖራ ቆማ አየቻቸው። ደስ አላት። መደበቅ አይገባም፤ ሰው በክፋቱ ደስ የሚለው ጊዜ አለ፣ የእሷም ያ ጊዜ ነበር።

አራሴሊ ዘንባባዋን እንደያዘች መጥታ ጆንያውን ስትገልጥ አልጮኸችም። ተንበርክካ በጣቷ እየፈለፈለች ከጥጉ፣ ጨዉ ያልደረሰበትን ጥቂት እርጥብ አፈር ከነነፍሳቸው ትሎች ጋር ወደ አሮጌው ጣሳ ለቀመች።

ዴልፊን እናቱን ጓሮ አገኛት። «እማዬ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? የባሕር ዳር ቤት ነው፤ ጨው ከሰማይም ይወርዳል።»

ዓይኗን አየ፤ አወቀ። አልተቆጣትም። ቢቆጣት ይሻል ነበር፤ ትመልስለት ነበር። እሱ ግን ሄደና የሚስቱን መደብ በንጹሕ ውሃ ያጥብ ጀመር።

በሕማማቱ ማክሰኞ አራሴሊ ባዶ ሳፋ ይዛ ወደ ሴቶቹ ክብ መጣች። ከዚያ በፊት በመካከላቸው ቆማ አንድ ነገር ለምና አታውቅም።

«ናናይ፣ የዛሬውን ሆድ ዕቃ ለኔ ይስጡኝ። ከቢላዋው ሥር እቀበላለሁ። እናንተም ታንከሩ ድረስ መሸከም ይቀርላችኋል።»

«ምን ሊሆንልሽ?»

«ለትሎቹ።»

«ትሎችሽ አልቀው የለም እንዴ?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ስለ ትሎቹ መሞት እስካሁን ማንም አላወራም ነበር። ኖራ ምላሷ እንዳሳበቀባት ገባት፤ ኀፍረት ደግሞ እንደ እሷ ያለውን ሰው አያለዝብም፣ ያከፋዋል እንጂ።

«ጥቂት ተርፈውኛል» አለች አራሴሊ።

«ለጥቂት ትል ብዬ ሳፋ አላስሞላም። አንጀት ካማረሽ ታንከሩ ሙሉ ነው። ውረጂና ዝቂያ! ምን ትፈሪያለሽ? ሽታ ሰው አይገድልም።»

ሴፓ ሳቀች። ሌሎቹም ተከተሏት። አራሴሊ ፊቷ ነደደ። ሳፋውን ጣለችና ባልዲ ከነገመዱ ብድግ አድርጋ ወደ በረዶ ቤቱ አመራች። እልህ እንጂ ሌላ ምንም አልነበራትም። ዴልፊን ጀልባውን ገና እያሰረ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል። ሮጦ ደረሰባትና ባልዲውን ከእጇ ወሰደ።

«አንቺ ተይው። እኔ እወርዳለሁ።»

«ዴልፊን፣ ይቅርብን።»

«የበሰበሰው ይሻላል እኮ፤ ሙቀቱ የወጣለት ነው። ስንት ባልዲ ነው የሚበቃሽ?» አላትና ሳቅ አለ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። «ፈቅደሻል አይደል እማዬ? ውረዱ ብለሻል።»

ኖራ የሽማግሌው ነገር ትዝ አላት። እውነቱን እንናገር፤ ትዝ ብሏታል። «ተው» የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ሴቶቹ ግን እያዩዋት ነው። ልጇ በሚስቱ ፊት እናቱን ያሸነፈ መስሎ እንዳይታይ ፈራች፤ አንገቷን ቀብራ የያዘችውን ዓሣ ሰነጠቀች። «እንደፍጥርጥራችሁ» አለች።

ዴልፊን ክዳኑን በዲጂኖ ፈነቀለው። የገማ እንቁላል የሚመስለው ጠረን ሴቶቹን ወደ ኋላ መለሳቸው። እሱ አፍንጫውን በሸሚዙ ይዞ ጎንበስ አለ፤ አስሎት ቀና አለ፤ እንደገና ጎንበስ አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ተጣራ። «እማዬ! እውነትሽን ነው። ይኸው ሽታውም ጠፋ!»

ሽታው አልጠፋም ነበር። ያ አየር ሲበዛ መጀመሪያ የሚገድለው አፍንጫን ነው። ሰው ምንም አይሸተኝም ሲል ሞት አጠገቡ ቆሟል። ይህን ዴልፊን አያውቅም፤ ሊነግሩት ይችሉ የነበሩት ሽማግሌ ደግሞ ተስቆባቸው ዝም ብለው ነበር።

የብረቱን መሰላል ይዞ ወረደ። አንድ ባልዲ ሞላና አራሴሊ ሳበችው። የሞላውን ከጎኗ አቁማ፣ እዚያ የነበረ ሌላ ባዶ ባልዲ በገመዱ አስራ ስታወርድለት የተኛውን ዝቃጭ ሲያማስለው ተሰማ። ከዚያ አንድ ነገር ዘጭ አለ። ገመዱ ላላ።

«ዴልፊን?» አለች አራሴሊ። «ዴልፊን፣ አትቀልድብኝ!»

ጩኸቷን ሰምተው ታታይ ሮኬ መረባቸውን ጥለው ሲደርሱ አንድ እግሯን መሰላሉ ላይ አድርጋ ነበር። ወገቧን ይዘው ጎትተው አሸዋው ላይ ጣሏት። ኖራም ቢላዋዋን እንደያዘች ደረሰች። «ልውረድ! ልጄ ነው! እናንተ ሬሳዎች፣ ምን ትቆማላችሁ!» እያለች ወንዶቹን ትገፈታትራለች። አንድ ጎረምሳ ሸሚዙን ማውለቅ ሲጀምር ሽማግሌው በጥፊ መለሱት።

«ማንም አይወርድም!» አሉ። ዙሪያቸውን አዩና ዴልፊን ጉያው ውስጥ እያሻሸ ያሳደገውን፣ ለዶሮ ግጥሚያ የሚያዘጋጀውን ቀይ አውራ ዶሮ ከታሰረበት ፈቱት። እግሩን ባልዲው ገመድ ላይ አስረው ወደ ጉድጓዱ ለቀቁት። ዶሮው ሁለቴ ክንፉን ሲያርገበግብ ተሰማ። ሲስቡት አንገቱ ተንጠልጥሎ ወጣ።

«አያችሁ?» አሉ ዶሮውን ከፍ አድርገው። «አያችሁ? አሁን የሚወርድ ካለ ከኔ ጋር ይነጋገር።»

ኖራ እጃቸውን ነከሰች። ደማቸው እየወረደ ያዟት። «ልቀቁኝ፣ ይተነፍስ ይሆናል!» አለቻቸው። «ቢተነፍስ ነው እኮ የገደለው» አሏት፤ እሳቸውም እያለቀሱ ነበር። የእሳት አደጋ ሰዎች የአየር ጭንብላቸውን ይዘው ከከተማ እስኪመጡ ድረስ ኖራ ከታንከሩ አፍ ፈቀቅ ብላ በደረቷ ተኝታ ስሙን ስትጠራ ቆየች። ሲያወጡት ፊቱ ላይ፣ ፀጉሩ ላይ፣ አፉ ውስጥ፣ እሷ ስትደፋ የከረመችው ነገር ነበር። በገዛ እጇ አጠበችው። ያ ሽታ ግን በሳሙናም በሎሚም አልለቀቀም፤ አስከሬኑም በዚያው ሽታ ተገነዘ።

በባራስ ሬሳ ለቀናት ቤት ውስጥ ይጠበቃልና ፋሲካ ከነሬሳው ገባ። ሬሳ እስኪወጣ ለቅሶ ቤት አይጠረግምና የዓሣ ቅርፊቱ፣ አቧራው፣ የሻማው ጠብታ ወለሉ ላይ ተከመረ። ሰው ሲሞላ፣ የጸሎት መቁጠሪያው ሲደገም፣ ኖራ በድንገት ተነሳችና ጣቷን አራሴሊ ላይ ቀሰረች።

«ለትል ብላ ልጄን ገበረችው! ሾተላይ! ማሕፀንሽ ባዶ፣ ቤቴን ባዶ አደረግሽው!»

ደጋሚዋ ጸሎቱን አቋረጠች። አራሴሊ ከሬሳው ሣጥን አጠገብ ቀና አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ናናይ፣ ሳፋ ይዤ ለምኜዎት ነበር። ምን ብለው እንደመለሱልኝ ለሰው ይንገሩ።»

የመለሰችው ሴፓ ነበረች፤ ያቺ ሆዷን ይዛ የምትስቀው። «ውረጂና ዝቂ ነው ያልሻት» አለች መሬት መሬቱን እያየች። «እኔም ሰምቻለሁ። ስቄያለሁም። ሁላችንም ስቀናል።»

አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየም። ኖራ ባለችበት ቁጭ አለች።

ፋሲካ ይለፍና ወደ ኮረብታው እንወጣለን ያለው ልጅ ፋሲካ ሲያልፍ ወጣ፤ መካነ መቃብሩ ኮረብታው ላይ ነውና በሣጥን ተሸክመው አወጡት። አራሴሊ ከቀብር እንደተመለሰች ወደ በረዶ ቤቱ ሄደች። ዴልፊን የሞላት አንድ ባልዲ፣ ዝንብ ወርሶት እዚያው ቆሞ ነበር፤ ማንም ሊነካው አልደፈረም። በገለባ ሸፈነችው፣ ጣሳዋን በሌላ እጇ ያዘች፣ በኖራ ፊት አልፋ ኮረብታውን ወጣች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለቻት ኖራ። አራሴሊ ሳትዞር መንገዷን ቀጠለች።

ቤቱ ጭር አለ። ርብራቡ ግን ዓሣ ይፈልጋል፤ ድሃ ደግሞ ሐዘን ብሎ ሥራ አይፈታም። ታንከሩን ስለፈሩ ሴቶቹ እንደገና ወንዝ አፍ ላይ መድፋት ጀመሩ። ሊቀመንበሩ ሐዘኑን አክብሮ ዝም አለ። ሰው እንዲህ ነው፤ አንድ ሞት ካየ በኋላ እንኳ ወደሚያውቀው ጥፋት መመለስ ይቀለዋል። አንድ ጠዋት ሴፓ ሳፋዋን ወደ ውሃው ዘንበል ስታደርግ ኖራ እጇን ያዘቻት።

«ስጪኝ።»

«ምን ልታደርጊው ናናይ?»

ኖራ ሳፋውን ተቀብላ ሆድ ዕቃውን በንጹሕ ውሃ ደጋግማ አጠበችው፤ ጨው የያዘውን ለየች። ራሷ ላይ አድርጋ ኮረብታውን ተያያዘችው። ዕድሜዋን ሙሉ አሸዋ ላይ የኖረች ሴት ናትና ዳገቱ ላይ እየወደቀች፣ የዓሣው ደም ፊቷ ላይ እየተንጠባጠበ ወጣች። አራሴሊ መሬቷ ላይ ጎንበስ ብላ ስትቆፍር አገኘቻት። የዴልፊን ባልዲ ከገለባና ከእበት ጋር ተደባልቆ ጥላ ሥር ተከምሮ ነበር። ኖራ ሳፋውን አወረደች። ይቅርታ ልትጠይቅ መንገድ ሙሉ ያጠናቻቸው ቃላት ሁሉ ጠፉባት።

አራሴሊ ሳፋውን አየች፤ አማቷን አላየችም። «ጨው ነክቶታል?» ብላ ጠየቀች።

«አልነካውም።»

አራሴሊ አልተንቀሳቀሰችም። ማመን አልቻለችም፤ እንዴትስ ትመን? ኖራ ጣቷን ሳፋው ውስጥ ነከረችና ደሙን፣ ሐሞቱን፣ የዓሣውን አንጀት ጭማቂ በምላሷ ቀመሰችው። ዋጠችው። «አልነካውም» አለች እንደገና። ያን ጊዜ አራሴሊ ሳፋውን ተቀበለች።

በማግሥቱም ወጣች። በማግሥቱም ጥያቄው ያው ነበር፤ ኖራም ቀመሰች። አንድ ቀን ሴፓ ከኋላዋ ሌላ ሳፋ ተሸክማ ታየች። ቀጥሎ ሌሎቹ መጡ። ወንዶቹ ታንከሩን ደርምሰው በድንጋይና በአፈር ሞሉት። ሊቀመንበሩም በተራው ነቃና እያንዳንዱ ቤት የትል መደብ ይኑረው አለ። በዚህም መንደሩ ራሱ ቀድሞት ነበር።

የዚያ ዓመት ማሾ በዓርብ ቀን ተቀቀለ። አራሴሊ አንድ ሳህን ሞልታ ኖራ ከተቀመጠችበት ድንጋይ አጠገብ አኖረችና ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ብዪ አላለቻትም። ኖራ ሳህኑን አነሳች። ይህ ፍሬ ልጇ በመጨረሻ ትንፋሹ ከሞላት ባልዲ እንደበቀለ ታውቃለች። አንድ ቀን የገፋችው ምግብ ነው። እያንዳንዱን ፍሬ ለየብቻ እስክታኝከው ድረስ ቀስ ብላ በላች፤ ሳህኑንም አጥባ መለሰች።

አሁን በባራስ አዲስ ሙሽራ ወይም አዲስ ሠራተኛ ከሴቶቹ ክብ ስትቀላቀል መጀመሪያ ከኖራ ጎን ትቀመጣለች። ኖራ የምትነግራት አጭር ነው። «ሆድ ዕቃውን ለብቻ፣ ከጨው አርቀሽ። ወንዙ ላይ አይደፋም፤ ጉድጓድ ውስጥ አይከደንም። የተከደነ ብስባሽ ያለበት ጉድጓድ አይወረድም፤ የወደቀ ሰው ብታዪ እንኳ ራስሽ አትውረጂ፣ እርዳታ ጥሪ። ‹ሽታ ሰው አይገድልም› የሚልሽ ካለ ደግሞ ወደኔ ላኪው፤ ልጄ የተቀበረበትን አሳየዋለሁ።»

ከዚያ ሳፋዋን ራሷ ላይ አድርጋ ትነሳለች። ጉልበቷ ደክሟል፤ ወጣቶቹ እንሸከምልሽ ይሏታል፤ እምቢ ትላለች። ኮረብታው ላይ አራሴሊ መደቡን እያገላበጠች ትጠብቃታለች። ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ ማሾው ያወራሉ፤ ስለ ዴልፊን አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። ሳፋው ሲወርድ ግን አራሴሊ ዛሬም፣ ቀና ሳትል፣ ያንኑ ትጠይቃለች።

«ጨው ነክቶታል?»

ኖራም ጣቷን ትነክርና ትቀምሳለች።